የኮሶ ቀን

ደመላሽ ከጓዳው ወጥቶ በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋና ኮቱን እየለበሰ፣ «እማዬ፣ ትብለጽ ዛሬ ኮሶ ጠጥታለች። ማንም እንዳይገባባት፤ ሰው ቢመጣም መልሺልኝ» አለ። ወይዘሮ የትምወርቅ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ማን አዘዘላት ሊሉት ፈልገው ነበር፤ ከየትኛው ቀዳህላት ሊሉትም ፈልገው ነበር፤ ከአፋቸው የወጣው ግን «ቁርስህንስ?» የሚል ብቻ ሆነ። «ረፍዶብኛል» አለ ልጃቸው። ጎንበስ ብሎ ዝቅተኛውን የድንጋይ ደጃፍ አለፈና ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። ወሩ ጥር ነው፤ የመቀሌ ብርድ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም። ወይዘሮ የትምወርቅ የጠረጉትን መልሰው ጠረጉት።

ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ዘመን የተከበረ ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆዱ ይጠጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ ጉዳዩን እስኪጨርስ ድረስ የእናቱ ልጅ እንኳ አያየውም። ዳኛው ኮሶ ጠጥተዋል ከተባለ ከሳሽም ተከሳሽም ያለ ማጉረምረም ነገ ይመለሳሉ። ለቅሶ የቀረ፣ ቀጠሮ ያፈረሰ፣ አለቃው ሲጠራው ያልሄደ ሁሉ ኮሶ ይዞኝ ነው ካለ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ እሱ ነውረኛ ነው። ይህን ደንብ ከማንም አብልጠው የሚያውቁት ወይዘሮ የትምወርቅ ናቸው፤ እንጀራቸው ነውና። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ የመጡት ጸሐፊዎችና መምህራን ኮሶውን ወቅጦ በውሃ በጥብጦ መጋቱን ትተው የሳቸውን የኮሶ አረቄ ለምደዋል። ከቅል ሙሉ ብጥብጥ ጋር ከመታገል አንድ መለኪያ ጨልጦ ፊትን አጨማዶ መተኛት ይቀላል። እንዲያውም አንዳንዱ ደፋር መለኪያውን ገልብጦ «ይደገም» ይላል፣ እሳቸውም «ሆድህን ጠይቀው» ይሉታል።

እንግዲህ የአረቄ ቤት ምራት ኮሶ ብትጠጣ ምን ያስደነግጣል? ወይዘሮ የትምወርቅን ያስደነገጣቸው ማንም ያልነገራቸው፣ እሳቸው ግን የደረሱበት ነገር ነው፦ ትብለጽ ነፍሰ ጡር ናት። ሽንኩርት ሲቁላላ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ትወጣለች። ጠዋት ጠዋት ከጓሮው ግድግዳ ጀርባ ስታስታውክ ሰምተዋታል፤ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ውሃ ትቀዳለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር አለ። ሴት ልማዷ ሲመጣባት ከአጥር ውጭ ቆማ ትሳለማለች እንጂ አትገባም፤ ትብለጽ ግን ከኅዳር ወዲህ አንድም ሰንበት ከአጥር ውጭ ስትቆም አልታየችም። ወይዘሮ የትምወርቅ ከዕጣኑና ከቅዳሴው ይልቅ የምራታቸውን ነጠላ እየፈለጉ ስንት እሑድ እንዳሳለፉ እግዜር ይፍረድ። ደስታቸውን ለማንም አልነገሩም። ሆድ ገፍቶ ራሱ እስኪናገር ድረስ ስለ ፅንስ አፍ አይከፈትም፤ ያውም የአማት አፍ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ ጭጭ ብለው ማታ ማታ ለብቻቸው ያመሰግኑ ነበር። ኮሶ ደግሞ የሚያወርደው የሆድ ትል ብቻ አይደለም።

መጥረጊያውን ጣሉና ወደ ዕቃ ቤታቸው ገቡ። ዕቃ ቤት ማለት ከሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች ጎን ያለች፣ መስኮት የሌላት፣ ጭስ የጠገበች ጠባብ ቤት ናት፤ የግቢው ባለቤት ያከራዩዋቸው ለፍየል ማደሪያ ብለው ነበር። በአንድ ጥግ የአረቄ ማውጫው ሸክላ ከነሸምበቆው ተደግፏል። ወይዘሮ የትምወርቅ ከገብስ ብቅልና ከጌሾ የጠነሰሱትን አንጠብጥበው ያወጡና፣ የወጣውን ደግመው ያወጡታል፤ ያ ዳግም የሚሉት ነው፤ ክብሪት ቢያሳዩት ይነዳል። ዳግሙን በሦስት ይከፍሉታል። በአንደኛው ጠርሙስ ጤና አዳምና የሎሚ ልጣጭ፣ በሁለተኛው እንስላልና ጥቂት ማር ይዘፈዘፋል። ሦስተኛው ጣሊያን ትቶት የሄደው፣ ገላው በሰንበሌጥ የተጎነጎነ ሆዳም ጠርሙስ ነው፤ እዚህ ዳሚጃና ይሉታል። እሱ የኮሶው ነው። ደርቆ የተወቀጠ አበባ ይገባበትና አፉ በጨርቅ ታስሮ በሊጥ ይታሸጋል፤ ሊጡ ደርቆ ድንጋይ እስኪሆን አይነካም።

ሊጡ ተሰብሯል። ፍርፋሪው መሬት ላይ ነበር። ወይዘሮ የትምወርቅ ፍርፋሪውን በጣታቸው አነሱና እንደ እንግዳ ነገር አዩት። ባለፈው ወር የቀረው፣ የለዘበው ኮሶ በትንሹ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ተቀምጧል፤ አቧራው እንኳ አልተነካም። ልጃቸው የቀዳው ከአዲሱ ነው። የአዲሱ አበባ ገና ከተራራው የወረደ፣ ቀዩ ቀለሙ ያልጠፋ ነበር፤ ትኩስ ኮሶ ጉልበቱ ሌላ ነው፣ ሰንብቶ ካልለዘበና ከአሮጌው ካልተደባለቀ ለወታደር እንኳ አይሰጡትም። ምን ያህል እንደተቀዳላት ለማወቅ ዳሚጃናውን ወዘወዙት። ሰንበሌጡ ሆዱን ሸፍኖታል፤ ምንም አይታይም።

ወደ ጓዳው በር ሄደው ቆሙ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ትብለጽ ከዚህ ቤት ከገባች ወዲህ በሁለቱ ሴቶች መካከል ክፉ ቃል ተነግሮ አያውቅም፤ ደግ ቃልም እንዲሁ። «ለደመላሽ ራቱ ደርሷል በይው»፣ «እሺ፣ እሜቴ»፣ «ውሃው አልቋል»፣ «እቀዳለሁ፣ እሜቴ»፤ ይኸው ነው። ወይዘሮ የትምወርቅ የሚመኙት ምራት የአገራቸውን የሸዋን ልጅ ነበር፤ ልጃቸው ግን ከዚሁ ከመቀሌ አጠገብ ከዓይናለም አገባ፣ እሳቸውም ውስጡን ለቄስ ብለው ሠርጉን ደገሱ። በተለይ ካለፈው ዓመት ወዲህ ልጅቷ ይባስ ዝም ብላለች። አንዳንድ ቀን ምጣዱን አብረው ሲያወርዱ እጃቸው ይነካካል፣ ትብለጽ ግን ፈጥና ትሰበስባለች።

«ትብለጽ» አሉ በመጨረሻ።

የአልጋው ጠፍር ሲንቋቋ ተሰማ። «ደሕና ነኝ፣ እሜቴ። ይተዉኝ» አለች ከውስጥ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ደህና ነኝ ካለች ምን ይባላል? በሩን ገፍተው ቢገቡ ነውር ነው። «ነፍሰ ጡር ሆነሽ ሳለ» ብለው ቢጀምሩ ያልተነገረ ፅንስ በአማት አፍ ተጠራ ማለት ነው፤ ለነገሩ አሁን ከዚህ የባሰ ምን ሊመጣ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ደግሞስ ልጅቷ ራሷ መፀነሷን ሳታውቅ ቀርታ ከሆነ? ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ሁሪያ ቤት ገሠገሡ።

ሁሪያ ከወሎ የመጣች የቅጠልና የሥራሥር ነጋዴ ናት፤ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ በታች፣ ከነወይዘሮ የትምወርቅ ግቢ ትንሽ ወረድ ብሎ ደጃፏ ላይ ጆንያ ዘርግታ ትሸጣለች። አረቄ በአፏ አይዞርም፤ የወይዘሮ የትምወርቅን ዕቃ ቤትም ከውጭ ታየዋለች እንጂ ገብታ አታውቅም። አበባውንና ቅጠሉን የምታመጣላቸው ግን እሷ ናት። «እኔ የሸጥኩ ቅጠል ነው፤ እርስዎ ምን እንደሚያደርጉበት አላህ እርስዎን ይጠይቅዎ» ትላለች ሁልጊዜ፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ዛሬ ስለ ብርዱ፣ ስለ ገብስ መወደድ፣ ጨው ይዘው ከሚመጡት አፋሮች ዋጋ መጨመር አወሩ። ወይዘሮ የትምወርቅ የማይገዙትን ድንብላል በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱ።

«ሁሪያ» አሉ፤ «አንዲት ያረገዘች ሴት ኮሶ ብትጠጣ ምን ይሆናል?»

ሁሪያ እጇን ከጆንያው አወጣች። «ወይ ጉዴ! ማን ነች፣ እትዬ?»

«ሰው ናት።»

«ፅንሱ የጸና እንደሁ አላህ ሊያተርፈው ይችላል። ገና ከሆነ ግን አይተርፍም። ወደ ማታ ወገቧን ያማታል፤ ወገቧን ካመማት አለቀ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ?» ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ የትምወርቅ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን አላሰቡትም ነበር። አውቃ! ሴት ልጅ አውቃ? ምራታቸው ፊቷን ታጥባ ከጓሮ ስትመለስ፣ እጇን ስትሰበስብ፣ ዝም ስትል ታያቸው። ልጁን ባትፈልገውስ? ከዚህ ቤት መውለድ ባትፈልግስ? ሁሪያ ጥቂት ተልባ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው፦ «በጥብጠው ይስጧት። ባይጠቅማት አይጎዳትም።» ተልባውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ልጃቸው መሥሪያ ቤት ሄዱ። እስኪ መጀመሪያ ምን ያህል እንደቀዳላት ይወቁ።

ደመላሽ የሚሠራበት ክፍል ከቤተ መንግሥቱ ግንብ በታች ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰበረ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ የጣሊያን ቀለም በኖራ ተለቅልቆ እንደገና ብቅ ያለበት። ወይዘሮ የትምወርቅ ገና ከደጃፉ ሲታዩ አስናቀ የሚባለው የልጃቸው ባልደረባ ብድግ አለ። የመንዝ ሰው ነው፤ ድምፁ ግቢ ይሞላል። «እናታችን መጡልን! ያን መራራ ይዘው ነው እንዴ? እኔኮ ለቅዳሜ ነው ያልኩዎ። አለቃችን ደግሞ ይህ ሰውዬ በየሳምንቱ ኮሶ የሚጠጣው ምን ያህል ሥጋ ቢበላ ነው እያሉኝ ነው» አለና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ወይዘሮ የትምወርቅም ሳቁ፤ ጥርሳቸው ብርድ ነካው። ልጃቸውን በዓይናቸው ጠርተው ወደ ግንቡ ጥላ ወጡ።

«ምን ያህል ሰጠሃት?»

«ምኑን? ኮሶውን? በመለኪያሽ ሁለት» አለ ደመላሽ። «ምነው? አልሠራላትም?»

«ሁለት!»

«አንቺ ለአስናቀ ሁለት ትሰጪው የለም? በየጠዋቱ ያስታውካታል እኮ፣ እማዬ። ትደብቀኛለች እንጂ እሰማታለሁ። የበላችው አይረጋላትም፣ ፊቷ ገርጥቷል፤ ሆዷን ትሉ ጨርሶታል። ቤታችን መድኃኒት ሞልቶ ሚስቴ በትል ትሙት? አሁንም እምቢ ብላኝ ነበር፤ ተቆጥቼ ነው። ማታ ስመለስ ባዶውን ላግኝ ብዬ ጽዋውን በእጇ አስይዤ ወጣሁ።»

ወይዘሮ የትምወርቅ የልጃቸውን ፊት አዩት። የሚስቱን ጤና በማሰቡ ትንሽ ኩራት እንኳ ነበረበት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፊደል ሲያስቆጥሩት፣ ዳዊት ሲያስደግሙት፣ ወረቀት ሲያስጽፉት የጠዋት ማስታወክ ምን እንደሆነ የነገረው የለም! ማን ይንገረው? እናቱ ልትነግረው ነውር ነው፣ ሚስቱ ልትነግረው አፍራለች። አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ሚስትህ እኮ፣ ሊሉት። ግን አስናቀ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «ለቅዳሜ እንዳይረሳ!» አለ፤ በዚያች አፍታ ውስጥ ሌላ ነገር መጣባቸው። ፅንሱ የሚወርድ ከሆነ ይህ ልጅ የገዛ ልጁን በገዛ እጁ እንዳጠፋ ማወቅ አለበት? በእናቱ አረቄ፣ በእናቱ መለኪያ? አይወቅ። እኔ ብቻዬን ልወቀው፣ አሉ በልባቸው።

«ለማሻሪያ የሚሆን ሥጋ ገዝተህ ግባ» አሉት። ኮሶ የጠጣ ሰው ማታ ሲሽር የሚበላው ያስፈልገዋል።

«ደህና ናት አይደለም?»

«ደህና ናት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ነበር። ኮረብታውን የወረዱት በእግራቸው ይሁን በጭንቀታቸው አላወቁም፤ ሁለት ጊዜ ሰው ሰላም ብሏቸው ሳይመልሱ አለፉ፣ ይህ ደግሞ በመቀሌ የሚረሳ አይደለም። ሁሪያ ወገቧን ካመማት ያለችው በጆሯቸው ይመላለሳል። ግቢው ጸጥ ብሏል። የጓዳው በር እንደተዘጋ ነው። ወይዘሮ የትምወርቅ ተልባውን በጥብጠው፣ ጽዋውን ይዘው በሩ ፊት ቆሙ። አንኳኩ። እንደገና አንኳኩ። ከውስጥ የአረቄ ሽታ መጣ፤ ቀስ ብሎ ሳይሆን ጠርሙስ እንደተሰበረበት ክፍል ድፍት ብሎ። ሃምሳ ዓመት ያከበሩትን ደንብ በትከሻቸው ገፍተው ገቡ።

ትብለጽ አልተኛችም። ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር በጥብቅ የታሰረ ትንሽ ጓዝ አለ። ባዶው ጽዋ ከጎኗ ነው፤ አልጋው ሥር ያለው መሬት ግን ረጥቦ ጠቁሯል።

«ጠጣሽው?» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ።

«አልጠጣሁትም» አለች ትብለጽ። ተነሥታ ቆመች። «ይቆጡኝ ካሉ ይቆጡኝ። መሬቱ ጠጣው፤ እኔ አልጠጣሁትም። ሁለተኛ አልጠጣም።»

ወይዘሮ የትምወርቅ መደቡ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ተልባው በቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ተመስገን፣ ተመስገን፣ የእመቤቴ ልጅ፣ አሉ፤ እንባቸው መጣ፤ አልጠረጉትም። ትብለጽ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀችምና ግራ ተጋብታ ታያቸዋለች።

«ምነው እሜቴ? እርስዎ አይደሉ የላኩልኝ?»

«እኔ? እኔማ ከመሬት ተነሥቼ ምን ብዬ? ደመላሽ በገዛ እጁ...»

«ኮሶ ከእርስዎ እጅ ሌላ ከየት ይመጣል? አምናም የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።»

«አምና መቼ?»

«ከመስቀል በኋላ፤ ቤቱ ሁሉ የጠጣን ጊዜ» አለች ትብለጽ። ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንደ ተጠና ነገር ትናገራለች። «እምቢ ብዬ ጽዋውን ይዤ ቆየሁ። እርስዎ ‹አንቺን ብቻ ትል አይበላሽም? ጠጪ እንጂ!› አሉኝ። እንታይ፣ ምን ልበል? አማቴን እምቢ ልበል? ጠጣሁት። ከዚያ ያ ሁሉ ደም መጣ። ንዳድ ነው አላችሁ።»

ወይዘሮ የትምወርቅ አስታወሱ። በመስኮት የገባውን ብርሃን፣ ልጅቷ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉን ስታይ፣ እሳቸው ሲስቁ። አዎ፣ ስቀው ነበር። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ስትተኛ አጥሚት ሠርተው፣ ራስጌዋ ተቀምጠው፣ በዚህ በደጋ አገር ንዳድ ከየት መጣ ሳይሉ ንዳድ ነው ብለው ለጎረቤት የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ጨርቋን ራሷ ስታጥብ «እረፊ እንጂ» ብለው የተቆጧትም እሳቸው ናቸው።

«ነፍሰ ጡር ነበርሽ?»

«ያውቃሉ ብዬ ነው የኖርኩት» አለች። «ሁሉን ያውቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ገባሁ አልገባሁ፣ ዐይንዎ ተከትሎኝ ይዞራል። ከዚህ አገር ሴት የልጅ ልጅ አይፈልጉም፤ ስለዚህ ነው ብዬ ነው። ዛሬም ሲመጣ፣ ይኸው ደግሞ አወቁ አልኩ።»

«አላወቅሁም» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ። «በእመብርሃን፣ አላወቅሁም።» እውነታቸውን ነበር፤ ያኔ ገና ሰንበት መከታተል አልጀመሩም። እውነታቸው ግን ለማንም ምንም አላደረገም። ልጅቷም አመነቻቸው ወይም አላመነቻቸውም፤ ፊቷ አይናገርም። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ አንዲት ሴት ልጄን ገደለችብኝ ከምትላት ሴት ጋር አንድ ማዕድ ስትቀርብ፣ እግሯን ስታጥብ፣ «እሺ፣ እሜቴ» ስትል ኖራለች። ወይዘሮ የትምወርቅ ያን ሁሉ ጊዜ ልጅቷን ኩሩ ናት ይሏት ነበር።

«ጓዙስ?»

«ወደ ኣደይ፣ ወደ እናቴ ቤት። ዛሬ ኮሶ ጠጥታለች ስለተባለ ማንም አይፈልገኝም። ሰው ወደ ምሳው ሲገባ ልሄድ ነበር።»

«ትመለሻለሽ?»

ትብለጽ ነጠላዋን አስተካከለች። ይህን ጥያቄ ወይዘሮ የትምወርቅ ደግመው አልጠየቁትም። ከፈለጉ ማስቀረት ይችሉ ነበር፤ በሩ ላይ ቢቀመጡ፣ ደመላሽን ቢያስጠሩ፣ ሽማግሌ ቢሰበስቡ። ያን ሁሉ አሰቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጓዙን ብድግ አደረጉ። «ብቻሽን አትሄጂም፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ።

በሁሪያ ደጃፍ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ደመላሽ ሲመጣ ሚስትህን ይዣት ዓይናለም ሄጃለሁ በይልኝ» አሏት። ሁሪያ ጓዙን አየች፣ ትብለጽን አየች፣ ከዚያ የወይዘሮ የትምወርቅን ዓይን አየች። «ኮሶ የጠጣች ሰው ይዘው በዚህ ፀሐይ?» አለች። «አልጠጣችም» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ። «አልሐምዱሊላህ» አለች ሁሪያ።

ሲሄዱ ትብለጽ እንደ ልማዷ ከኋላቸው ልትሆን ቆመች፤ ወይዘሮ የትምወርቅ እጃቸውን አወናጭፈው አስቀደሟት። ከኋላዋ ጓዙን ተሸክመው ሄዱ፤ ያያቸው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ነፋሱ አቧራውን ያነሣል። ልጅቷ አንድ ቦታ ላይ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ ወይዘሮ የትምወርቅ ጓዙን አስቀምጠው ደረሱባት። «አመመሽ?» አሉ። «ድንጋይ ገብቶብኝ ነው» አለችና ጫማዋን አራገፈች። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓይናለም ጉድጓድ ድረስ ወገቧን ብቻ እያዩ ሄዱ። ከጉድጓዱ የሚቀዱት ሴቶች ትብለጽን አውቀዋት በትግርኛ ተንጫጩ፤ እሷም ሳቀች። ወይዘሮ የትምወርቅ ስትስቅ ሰምተዋት እንደማያውቁ ያን ጊዜ ልብ አሉ።

የትብለጽ እናት ኣደይ ምልእተ ከግቢያቸው ገብስ ያሰጡ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ክው አሉ፣ አማቷን ከኋላ ጓዝ ተሸክመው ሲያዩ ደግሞ ይባስ አፋቸውን ያዙ። «እንቋዕ ብደሓን መጻእክን! እንኳን በደህና መጣችሁ! ምን ሆናችሁ? እርስዎ ይሸከማሉ? ውይ ውርደቴ!» ብለው ጓዙን ነጠቋቸው። ቤት አስገብተው፣ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጧቸው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ደመላሽ ጤና፣ ስለ ብርዱ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቁ። ከዚያ ድንገት ተነሥተው የወይዘሮ የትምወርቅን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

«ይህን ሳልነግርዎ ሞት ይቀድመኛል ብዬ ነበር» አሉ ኣደይ ምልእተ። «አምና ልጄ ስትታመም፣ እኔ እናቷ ሳልደርስላት እርስዎ ደረሱላት። ‹አማቴ ራስጌዬ ተቀምጣ በእጇ ባታበላኝ ሞቼ ነበር› ብላ ነግራኛለች። እግዚኣብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜዎ ይርዘም።»

ወይዘሮ የትምወርቅ ጉልበታቸውን ሊያሸሹ ፈለጉ፤ ግድግዳው ከኋላቸው ነበር። ወደ ትብለጽ ዞሩ፤ ልጅቷ ማሰሮውን እያጋደለች ጠላ ትቀዳለች፣ አታያቸውም። ያን ጊዜ፣ አማቴ ልጄን ገደለችብኝ ብላ ታምን በነበረበት ጊዜ፣ ለእናቷ የነገረችው ይህን ነበር! እናቷ እንዳታዝን ይሁን፣ ሁለቱ ቤት እንዳይጣላ ይሁን፣ ማን ያውቃል። ወይዘሮ የትምወርቅ በሕይወታቸው ስድብ ቀምሰዋል፣ ምስጋና እንዲህ ሲያቃጥል ግን አላዩም። «ኧረ ምን አደረግሁ» አሉ፤ ለማንም ያልተሰማ ነገር ነው።

ትብለጽ የተሞላውን ዋንጫ በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ከፊታቸው ቆመች። በዚያ አገርም በሸዋም እንግዳ የሚጠጣውን መጀመሪያ የቀዳው ሰው መርዝ እንደሌለበት ሊያሳይ በመዳፉ አንጠብጥቦ ይቀምስለታል፤ ሳይቀመስ ለጠላትም አይሰጥም። ትብለጽ ጥቂት ወደ መዳፏ አጋደለች፣ መዳፏን ወደ አፏ አስጠጋች፣ የጌሾው ሽታ ሲደርስባት ግን ፊቷ ተለዋወጠና አንገቷን አዞረች። እንደገና ሞከረች፤ አልቻለችም። የቀዳችውን መሬት ላይ አራገፈችው።

«ኣንቲ! ለአማትሽ ሳትቀምሺ?» አሉ ኣደይ ምልእተ ደንግጠው። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩ፣ አፏን በነጠላዋ ስትይዝ አዩ፤ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ደረታቸው ወጣ። አፍ አልከፈቱም፤ ደንቡን እሳቸውም ያውቃሉ።

ትብለጽ ዋንጫውን እንደያዘች ቆማለች፤ ልመልሰው ልስጠው እንደተቸገረች። እዚህ ከገቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ቀና አድርጋ ወይዘሮ የትምወርቅን አየቻቸው።

«አምጪው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ። «ከእጅሽ ሳይቀመስ እጠጣለሁ።»

ተቀበሏትና እስከ አተላው ጠጡት።